በርኖሱ ስንት ነው? ለእኔ አንድ ዋጋ፣ ለእንግዳዬ ሌላ ዋጋ

ባሶናው — ሰኞ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አለና ላውጣው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቱሪስት ሲገኝ አስጎበኛለሁ። ኮሮናውም ጦርነቱም ተደራርበው መንገዱን ባዶ ካደረጉት ወዲህ ሥራው ቀዝቅዟል። በቅርቡ ግን ሁለት እንግዶች አገኘሁ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባለው ጥብቅ ሜዳ ላይ ሁለት ሌሊት አደርን። ጭላዳውን በቅርብ አየን፣ ቀይ ቀበሮም ከሩቅ አየን። ከመመለሳችን በፊት መሐል ሜዳ ገበያ እንግባ አሉ። ሴትየዋ ሌሊት ብርዱ አንቀጥቅጧት ስለነበር በርኖስ አማራት።

በርኖስ የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ቆምን። በርኖሱ ጥቁር ነው፣ ቀለሙ የራሱ የበጉ ነው። ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብላ የምትወጣዋን ነገር ታውቋታላችሁ፣ እሷ ቀጥ ብላ ቆማለች። ዳበስኩት። ጥብቅ ያለ ሥራ ነው። ከእኛ ቀድሞ አንድ የአገር ሰው አምሳያውን ገዝቶ ብሩን ሲቆጥር ደረስን። አራት ሺ ተኩል።

«እማማ፣ ይሄኛው ስንት ነው?» አልኳቸው። እሳቸው እኔን አላዩኝም። ከኋላዬ የቆመችዋን አዩ። «አሥራ ሁለት ሺ» አሉ።

እንግዳዬ ሰውየው ሲቆጥር አይታለች። ብሩን ለይታ ታውቃለች። «ለምን?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ምን ልበላት? ዝም አልኩ። ከፈለች። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ግን ብዙም አላወራችም።

የገረመኝ ይሄ ነው። ጓሳ መግቢያ ላይም የውጭ ዜጋ ከእኛ በላይ ነው የሚከፍለው። ያኔ ግን ምንም አልከፋትም። ደረሰኟን ተቀብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። እዚያ ያልከፋት እዚህ ለምን ከፋት? ደግሞስ ከፈረንጅ አብልጦ መቀበል በመሠረቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

የአንኮበሩ — ሰኞ ማታ 2፡31

ልክ ነው። ለምን አይከፍሉም? የእሷ የአንድ ወር ጡረታ እኮ የኛን ሰው የዓመት ደሞዝ ያስከነዳል። ላሊበላ ለውጭ ዜጋ 50 ዶላር ማስከፈል ከጀመረ ስንት ዓመቱ ነው! የኛ ሰው ሊሳለም ሲገባ ማንም ብር አይጠይቀውም፣ ቤቱ ነዋ።

የብሩንም ነገር አስቡት። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ በጥቂት ሳምንት ከመቶ ብር አለፈ። በብር የተጻፈ ዋጋ ሁሉ ለዶላር ያዥ በአንድ ጊዜ ግማሽ ሆነለት። ለእኛ ዘይቱም ጤፉም ጨመረ። ታዲያ እማማ ሰባት ሺ ተኩል ብር አብልጠው ቢቀበሉ ምን ኃጢአት አለው? እኔ አልፈርድባቸውም።

ሾፌሩ — ሰኞ ማታ 2፡45

እኔም አልፈርድም። ግን እንግዳው ከተከፋ አይመለስም፣ ለጓደኛውም ይነግራል። ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ይሄን በደንብ አይቻለሁ።

ጓሳ ሜዳ — ሰኞ ማታ 3፡20

ወንድሜ ባሶናው፣ የመግቢያውን ጉዳይ እኔ ልመልስልህ። እኔ ጓሳ ዳር ነው የተወለድኩት።

ያ ከ100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። አባቶቻችን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀውት ነው። አገሩን ያቀኑት የአስቦና የጌራ ዘር የሆነ ሁሉ በአጽመ ርስቱ ድርሻ ነበረው። ድርሻ አለኝ ብሎ ግን ማንም ተነስቶ ማጭድ ይዞ አይገባም ነበር። ሳሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። ሲደርስ ይከፈታል፣ ይታጨዳል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። ድርቅ ሲከፋ ደግሞ ለከብት ይከፈታል። 1967 ላይ የመሬት አዋጁ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ ሜዳውም ተጎዳ። ኋላ ላይ ነው ሕዝቡ እንደገና ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ደንብ አውጥቶ መጠበቅ የጀመረው።

እንግዲህ አስበው። የኔ አባት በጉ እየከሳ፣ ሳሩ ዓይኑ ሥር እያለ፣ ዝም ብሎ ያያል። ቀበሮው አይጡን እንዲያገኝ፣ ጭላዳው ሳሩን እንዲግጥ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 አይበልጥም ይባላል። እዚያ ሜዳ ላይ አንዱን ሲሮጥ ያየ ሰው ያየው የኔን አባት ትዕግሥት ነው። እኔ የመንዝ ልጅ የምከፍለው በየዓመቱ ነው፣ ባላጨድኩት ሳር። ፈረንጁ አንዴ ይከፍልና ይሄዳል። ታዲያ በር ላይ ከእኔ አብልጦ መክፈሉ ማዳላት ነው? አይደለም። እኔ ቀድሜ ከፍዬበታለሁ።

እንግዳህ ያልከፋት ለዚህ ነው የሚመስለኝ። ማን እንደሚጠብቀው አይታለች። ሌሊት ብርድ ላይ ከእናንተ ጋር ያደረውን ጥበቃ አይታለች። የበርኖሱን ዋጋ ግን ማን እንደተመነው፣ በምን እንደተመነው አላየችም።

ባሶናው — ሰኞ ማታ 3፡34

ጓሳ ሜዳ፣ ይሄን ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ጥበቃው እውነትም እሳት አንድዶ እስኪነጋ ከእኛ ጋር ነበር። ባልየው ጠዋት እጁን ይዞ አመስግኖታል።

ሞረቴ — ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

እኔ ሕንድ ነው የተማርኩት። ታጅ ማሃል በር ላይ ሰሌዳ አለ። ሕንዳዊ 50 ሩፒ፣ የውጭ ዜጋ 1,100። ለጎረቤት አገሮች ደግሞ 540። ዋናው መቃብር ውስጥ ለመግባት ሁሉም እኩል 200 ይጨምራል። እኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ኪሴ ባዶ ነበር፣ 1,100 ከፈልኩ። አመመኝ እንጂ አልተሰደብኩም። ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፣ ከፊቴ የቆመው ጀርመናዊም ያንኑ ከፍሏል።

ፔትራም እንደዚያው ነው። ዮርዳኖሳዊ 1 ዲናር፣ አገሩ ውስጥ የሚያድር የውጭ ሰው ለአንድ ቀን 50። ድንበር ተሻግሮ በዚያው ቀን የሚመለሰው ደግሞ 90። ይቺ ብልሃት ደስ ትለኛለች፣ ያደረ ሰው አልጋና እራት ከፍሏልና።

ይሄን የሚያደርጉት ድሆች ብቻ ናቸው የምትሉ ካላችሁ፣ ፓሪስ ያለው ሉቭር ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና አገሮች ውጭ የሚመጣውን 32 ዩሮ ያስከፍላል፣ የቀጠናውን ሰው 22። ቬኒስ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው በሚበዛባቸው ቀናት ለውሎ የሚገባውን እንግዳ ቢያንስ 5 ዩሮ ትቀበላለች፣ ነዋሪዋን ግን አትጠይቅም። ስለዚህ ልዩነቱ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሰሌዳ የሌለው ልዩነት ነው። ባጃጁ ፊትህን አይቶ ሲተምንህ፣ ያኔ ነው የሚያመው።

የአንጎለላዋ — ማክሰኞ ከሰዓት 9፡05

ፊት አይቶ መተመን ስትሉ ልናገር። የምኖረው አሜሪካ ነው፣ የተወለድኩት አንጎለላ ነው። ምኒልክ የተወለዱበት፣ አዎ። ቢጫ ካርድ አለኝ። የ1994ቱ አዋጅ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነሽ ብሎ ያለ ቪዛ አገሬ ያስገባኛል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ልጆቼን ይዤ ወደ እኛው አገር መጣሁ። አንድ ታሪካዊ ቦታ በር ላይ ቆምን፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም። ልጁ በትሕትና ነው ያናገረኝ። «እርስዎ በሐበሻ ዋጋ፣ ልጆቹ በፈረንጅ ዋጋ» አለኝ። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ አማርኛ ትሰማለች። «ማሚ፣ እኔ ፈረንጅ ነኝ?» አለችኝ።

ብሩ ምንም አይደለም። እጥፉን ብትሉኝም እከፍላለሁ። ግን ዳገቱን ሙሉ ስንወጣ ያቺን ልጅ ምን ልበላት እያልኩ ነበር። እዚያ አገር ትምህርት ቤት ከየት ነሽ ይሏታል። እዚህ ደግሞ በር ላይ ዋጋዋ ይለያል። እናንተ ፖሊሲ ነው የምትከራከሩት። እኔ ግን የምለው፣ ሰሌዳውን ስትጽፉ ማን የትኛው መስመር ውስጥ እንደሚገባም በግልጽ ጻፉ። ልጁ በር ላይ ቆሞ የሰው ማንነት እንዲመዝን አታድርጉት። ለእሱም ከባድ ነው።

ጋሼ መምህር — ማክሰኞ ማታ 1፡50

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለልጅሽ የአንጎለላ ልጅ ነሽ በያት፣ ሌላው ይቆይ።

እኔ መንዝ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። በእግር ነበር የምንሄደው። መሽቶብኝ የማላውቀው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያልኩበትን ጊዜ አልቆጥረውም። ማነህ፣ ከየት ነህ ሳይሉ እግሬን አጥበው፣ መደብ ለቀው፣ ራሳቸው መሬት ላይ የተኙ ሰዎች አሉ። ጠዋት ብር ላውጣ ብል ቅር ይላቸው ነበር። ይሄ ሕዝብ እንግዳ የሚያከብር ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ሺ የተባለችዋን ሴት ሳስብ አፈርኩ። እንግዳ ናት እኮ።

የአንኮበሩ — ማክሰኞ ማታ 2፡02

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው። እርስዎ የመሸብዎ እንግዳ ነበሩ። እሷ ግን ገበያ ገብታ ገዢ ናት። መደብ የለቀቁልዎ ሰዎች እኮ ገበያ ላይ በግ ቢገዟቸው ይከራከሩዎት ነበር። እንግድነትና ገበያ አይቀላቀልም።

ጋሼ መምህር — ማክሰኞ ማታ 2፡20

እሱስ እውነትህን ነው። የቤት እንግዳና የገበያ ሰው ይለያያል። ቢሆንም ገበያም የራሱ ክብር አለው። ድሮ ሁለት ቁና የሚይዝ ነጋዴ በአገር ይታወቅ ነበር፣ አንዱ ለመግዣ፣ አንዱ ለመሸጫ። ሰው ያንን አይረሳም ነበር።

ሸዋ ሮቢት 33 — ማክሰኞ ማታ 2፡48

ስለ ቱሪስት ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ነው የምሠራው። አንድ ቻይናዊ የሥራ ባልደረባ አለኝ፣ አራት ዓመቱ ነው። ከእኔ በላይ ሽሮ ይወዳል። ቲማቲም የሚገዛው ከአንድ ጉሊት ነው፣ ሁልጊዜ ከአንዲት ሴት። አራት ዓመት ሙሉ በእጥፍ ሸጣለታለች። ያወቀው አማርኛ ሲገባው ነው። ቀጥሎ የቆመችዋን ሴት ስትሸጥላት ሰማ።

ምንም አላላትም። በማግስቱ ሲሄድ ግን «እህቴ፣ እኔም ጎረቤት ነኝ» አላት። በአማርኛ። ሴትየዋ ደነገጠች፣ አራት ፍሬ መረቀችለት። ከዚያ ወዲህ በደንቡ ነው የምትሸጥለት። ቱሪስቱ ሳምንት ቆይቶ ይሄዳል። እዚህ ኖሮ፣ እዚህ ሠርቶ፣ ግብር እየከፈለ የፈረንጅ ዋጋ የሚከፍለው ሰውስ? የጓሳ ሜዳን ሐሳብ ከወሰድን፣ ነዋሪ የሆነ ሁሉ የነዋሪ ዋጋ ይገባዋል ባይ ነኝ። በፓስፖርት ሳይሆን በኑሮ።

እንዝርት — ረቡዕ ጠዋት 3፡10

ሁላችሁንም አነበብኩ። አንድም ሰው በርኖሱ እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቀም። እኔ መንዝ ነው ያደግኩት፣ እናቴ እስከ ዛሬ ትፈትላለች።

በጉ ይሸለታል። የመንዝ በግ ጸጉሩ ብዙ አይደለም፣ ለአንድ በርኖስ የብዙ በግ ጸጉር ይሰበሰባል። ይታጠባል። ቆሻሻው፣ እሾሁ፣ በጣት ይለቀማል። በደጋን ይነደፋል። አቧራው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እንዝርት ነው። እናቴ ቀን የእርሻውንም የቤቱንም ሥራ ትሠራለች፣ የምትፈትለው ማታ ነው። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መሐል ያለው ቆዳ ጠንክሮ እንደ ቀንድ ሆኗል፣ መርፌ ቢወጋው አይሰማትም። ድሩ ሲያልቅ ለሸማኔ ይሰጣል፣ ሸማኔው የራሱን ይወስዳል። ይሄ ሁሉ ወራት ነው።

እና እናንተ 4,500ውን ትክክለኛ ዋጋ፣ 12,000ውን ደግሞ ማጭበርበር አድርጋችሁ ነው ክርክሩን የጀመራችሁት። ማን ነው 4,500ው ልክ ነው ያለው? የጸጉሩን ዋጋና የሸማኔውን ቀንሱና የቀረውን በማታዎቹ አካፍሉት። የቀን ሠራተኛ በአንድ ቀን የሚያገኘውን እናቴ በሳምንት አታገኘውም። የኛ ሰው በዚያ ዋጋ የሚገዛው ፍትሐዊ ስለሆነ አይደለም። ከዚያ በላይ አቅም ስለሌለው ነው፣ እሷም ብሩ ዛሬ ስለሚያስፈልጋት ነው። እኛ ሐበሾቹ እርስ በርሳችን በእናቴ ሌሊት ተደጋግፈን ነው የምንኖረው።

ፈረንጇ አሥራ ሁለት ሺ ስትከፍል ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የድካሙን ዋጋ የከፈለች ሰው ናት። የሚያሳዝነኝ ሴትየዋ ያንን ማለት አለመቻሏ ነው። «ይሄ የስንት ወር ሥራ ነው» ብላ መናገር ስትችል ፊት አይታ ተመነች። ምክንያት እያላት እንደ ሌባ ተቆጠረች።

የአንጎለላዋ — ረቡዕ ከሰዓት 8፡00

እንዝርት፣ እናትሽን ከእኔ ሳሚልኝ።

ሾፌሩ — ረቡዕ ከሰዓት 8፡22

እንዝርት ስለተናገረች እኔም እውነቱን ልናገር። ባሶናው፣ አትቀየመኝ። እማማ አሥራ ሁለት ሺ ያሉት ለፈረንጇ ብቻ ላይሆን ይችላል። ለአንተም ጭምር ነው። እንግዳ ይዞ የሚመጣ ሾፌርና አስጎብኚ ዞር ብሎ ኮሚሽኑን እንደሚቀበል ገበያው ሁሉ ያውቃል። ሻጭ ያንን ጨምራ ነው ዋጋ የምትጠራው። እኔ ራሴ ስንቴ ተቀብያለሁ። ምሳ ቤትም፣ ማደሪያም፣ ዕቃ መሸጫም። እንግዳው ይሄን አያውቅም። የፈረንጅ ዋጋ ከምንለው ውስጥ ብዙው ፈረንጁንና ሻጩን የሚያገናኘን የእኛው ድርሻ ነው።

ባሶናው — ረቡዕ ማታ 1፡30

አልቀየምህም። ያን ቀን አልተቀበልኩም። ተቀብዬ አላውቅም ብል ግን እዋሻለሁ። ሁለቴ ተቀብያለሁ፣ ሥራ በጠፋበት ጊዜ። አሁን ሳስበው፣ እማማ ብሩን ከተቀበሉ በኋላ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። የሚጠብቁት ያንን ነበር። እንግዳዬም ያቺን አተያይ አይታ ይሆናል። በመኪናው ውስጥ ያላወራችው ለዚህ ይሆን እያልኩ ነው። የከፋኝ ይሄ ነው።

ቅዳሜ መሐል ሜዳ እሄዳለሁ። እማማን አገኛቸዋለሁ።

ጓሳ ሜዳ — ረቡዕ ማታ 1፡41

ስትሄድ ካርቶንና ወፍራም እስክሪብቶ ያዝ። ዋጋውን አንተ አትተምን፣ እሳቸው ይንገሩህ፣ አንተ ጻፍ።

እንዝርት — ረቡዕ ማታ 1፡55

ዋጋውን ብቻ አትጻፍ። የስንት ወር ሥራ እንደሆነም ጠይቃቸውና ጻፈው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

ባሶናው — እሑድ ጠዋት 4፡00

ሄጄ መጣሁ። እማማ መጀመሪያ ሲያዩኝ ደነገጡ፣ ለክስ የመጣሁ መሰላቸው። ቁጭ ብዬ ሻይ አስመጣሁና ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ኮሚሽን እንደማልፈልግም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የስንት ጊዜ ሥራ ነው ስላቸው በጣታቸው ቆጠሩ። «ጸጉሩ ከጥቅምት ጀምሮ ነው የተሰበሰበው፣ የፈተልኩት እስከ የካቲት ነው» አሉኝ። ዋጋውን ስጠይቃቸው ብዙ አሰቡ። «ስምንት ሺ ብል ሰው ይስቅብኛል?» አሉ። እኔ መልስ አልሰጠሁም። «ስምንት በለው» አሉ። ጻፍኩት።

አንድ የአገር ሰው መጥቶ ካርቶኑን አንብቦ «ለእኛም በዚህ ነው?» አላቸው። «ለሁሉም» አሉት። ትቶ ሄደ። እማማ አንገታቸውን ደፉ፣ እኔም ያበላሸሁባቸው መስሎኝ ጨነቀኝ። ከሰዓት ግን ተመልሶ መጣ። ተከራክሮ በሰባት ሺ ወሰደው። ካርቶኑ ላይ ያለውን የወራቱን ቁጥር በጣቱ እየነካ ነበር የሚከራከረው። ፈረንጅ አንድም አልመጣም ያን ቀን።

የአንኮበሩ — እሑድ ጠዋት 4፡12

ሰባት ሺ? ከሐበሻ?

ባሶናው — እሑድ ጠዋት 4፡15

ከሐበሻ። ሌሎቹ ሁለት በርኖሶች ግን ሳይሸጡ ዋሉ፣ እሱንም ልንገራችሁ። እማማ በሚመጣው ቅዳሜም ካርቶኑን ይዘው እንደሚወጡ ነግረውኛል። ማታ ላይ ካፊያ ጀምሮ ጽሑፉ ትንሽ ፈሷል። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ የሚሸፈንበት ላስቲክ ነገር ያዙላቸው።

ሾፌሩ — እሑድ ጠዋት 4፡40

ዓርብ በዚያ አልፋለሁ። ላስቲኩን እኔ አደርሳለሁ።